ይበቃል ወይ ያለችን እንግዳ

ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ይታወቃል። አንዱ በጨዋታው ይታወቃል፣ አንዱ በድምፁ፣ አንዱ የተዋሰውን ዣንጥላ ባለመመለስ። እኔ የምታወቀው «ቱ» እና «ኢነፍ» በሚባሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። አትሳቁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዘጠነኛ ክፍልን እንግሊዝኛ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ይህ ምዕራፍ ይመጣል፤ በየዓመቱም ጋዋኔን አሳጥቤ፣ ያልተሰበረ ጠመኔ መርጬ እገባለታለሁ። «ቱ» ማለት ከልክ አለፈ ነው፤ «ኢነፍ» ማለት ልኩን ሞላ፣ በቃ ነው። «ቱ» ከቅጽሉ ፊት ይቆማል፣ «ኢነፍ» ከቅጽሉ ኋላ ይከተላል። ይህንን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በባጃጅ ነው። ሾፌሩ «ቱ» ነው፣ ከፊት ይቀመጣል፤ ተሳፋሪው «ኢነፍ» ነው፣ ከኋላ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ሾፌሩ አጠገብ ተለጥፎ የሚሄደውስ?» አለችኝ። እሱ የሰዋስው ሳይሆን የትራፊክ ጉዳይ ነው ብያት አለፍኩ።

መቼም በዚህ ዓለም ላይ የማላውቀው ነገር ብዙ ነው። የገዛ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ለምን ሰው ጋ እንደሚደውል አላውቅም። ባለቤቴ «ምንም አልሆንኩም» ስትል ምን እንደሆነች አላውቅም። ከልክ ያለፈውን ከበቃው መለየት ግን አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። ይህ እምነቴ የቆየው እስከ ባለፈው ዓመት ጥር ወር ነው።

ተማሪው ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ተበትኖ፣ እኔ የፈተና ወረቀት ሳርም አጎቴ ደወሉ። አጎቴ አያ ደምሴ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ታች ሰፈር በምትባል መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የመንደሩ የውሃ አባትም ናቸው፤ የመስኖውን ውሃ ማን በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያጠጣ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። ስልክ ሲያወሩ ስልኩን አያምኑትም፤ ድምፃቸው በራሱ ጉልበት ፍኖተ ሰላም እንዲገባ አድርገው ነው የሚጮኹት።

«አንተ ልጅ! እንግሊዝኛህ አለ?»

«አለ፣ አያ።»

«ሙሉው?»

«ሙሉው እንኳ...»

«ግድ የለም፤ ያለውን ይዘህ ሐሙስ ና!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የውጭ አገር የውሃ ባለሙያ የሦስት መንደሮችን የመስኖ ቦይ አይታ፣ ከሦስቱ የባሰበትን መርጣ በሲሚንቶ ልታሠራ ነው። ሁለቱን መንደሮች አይታለች። የቀረችው ታች ሰፈር ናት። አስተርጓሚዋ የእህቱ ሠርግ ደርሶበት ሄዷል፤ በጥር ወር ሠርግ ያልደረሰበት ሰው ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ አያ ደምሴ «እንግሊዝኛ በሚሉት ጉዳይ አንድ ዘመድ አለን» ብለው እኔን ዋስ አድርገው ቆጥረውኛል።

የታች ሰፈርን ችግር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቦዩ አፈር ነው። ውሃው የላይ ሰፈርን እያጠጣ ሲመጣ ግማሹ በመንገድ ይሰርጋል፣ ግማሹ በአይጥ ጉድጓድ ይገባል። አያ ደምሴ «ከላይ ወንዝ ሆኖ ይነሣና እኛ ዘንድ እንባ ሆኖ ይደርሳል» ይላሉ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ብሶ፣ የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ መቃጠል ጀምሮ ነበር። የአጎቴ ሁለት ወንዶች ልጆች ማሳውን ትተው ቡሬ ወርደው የእህል መኪና ይጭኑ ነበር። «ዘንድሮ ካልተሠራልን» አሉኝ በስልክ፣ ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አድርገው፣ «እኔም ጋቢዬን አጣጥፌ ከልጆቼ ጋር ሸክም መጠበቄ ነው።» ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ወረቀቱን ሳላርም ቀረሁ።

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሩቅ አይደለም። ሚኒባስ ውስጥ ግን ይርቃል። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አምስት ሆነን፣ ዶሮ የታቀፈች ሴትዮ ክርኗን ጎኔ ላይ አሳርፋ፣ እኔ በልቤ ልምምዴን ጀመርኩ። «ዘ ሚኒባስ ኢዝ ቱ ስሞል።» ትክክል። «ዜር አር ኖት ኢነፍ ሲትስ።» ትክክል። ማንኩሳ ስንደርስ ረዳቱ በሩን ከፍቶ ሁለት ሰው ከነጆንያቸው ጨመረ።

«ሞልቷል እኮ!» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሚኒባስና ሆድ ሞልቶ አያውቅም። ጠጋ ይበሉ» አለኝ።

ለዚህ የሚሆን ሕግ በመጽሐፌ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብኝ።

ባለሙያዋ ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ከሾፌሯ ጋር መኪናዋ ውስጥ ሆና ትጠብቀኝ ነበር። ክላራ ትባላለች። ረጅም ናት፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጭቃ የለመደ ጫማ፣ እጇ ላይ ደግሞ የተጣበቀ የሚመስል መዝገብ። እንግሊዝኛ ስትናገር ከእኔ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ጋር በአባትም በእናትም አይገናኝም፤ ቃላቱን ሳታላምጥ ነው የምትውጣቸው። ላብ አጠመቀኝ። ወዲያው ግን መዝገቧን ገልጣ የምትሞላውን ቅጽ አሳየችኝ። «ለገበሬዎቹ ውሃው እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ከሥሩ ሦስት ሣጥኖች፦ «ቱ ሊትል»፣ «ኢነፍ»፣ «ቱ ማች»። ወረቀቱን ልስመው ትንሽ ነው የቀረኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ጠመኔዬ በከንቱ አልፈሰሰም አልኩ። «ይሄ የእኔ ሙያ ነው» አልኳት። እሷም ደስ አላት። ምስኪን።

መንደሩ ስንደርስ ከመኪናው ወርጄ ቦዩን አየሁና ዓይኔን አሸሁ። ቦዩ ሞልቷል። እንዲያው ሞልቷል ብቻ ቢባል ያንሰዋል፤ ከንፈሩ ድረስ ጢም ብሎ፣ ዳርና ዳሩ ሣሩ ታጭዶ፣ እንደ ሙሽራ ተሰናድቶ ይወርዳል። ክላራ «ኦ!» አለች። እኔም በልቤ «ኦ!» አልኩ፤ የእኔው ግን ሌላ ነበር። አያ ደምሴ ነጭ ጋቢያቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ሽማግሎቹን አስከትለው እየሳቁ ሲቀበሉን እጃቸውን ይዤ ወደ ጎን አወጣኋቸው።

«አያ፣ ይሄ ውሃ ከየት መጣ?»

«ከላይ ሰፈር ለምነን ነዋ! ሦስት ተራችንን ለእነሱ ሰጥተን፣ የዛሬን እስከ አሥር ሰዓት እንዲለቁልን ሽማግሌ ልከን። አማረ፣ አይደል?»

«እሷ እኮ የመጣችው ውሃ እንደሌለ ልታይ ነው!»

አያ ደምሴ የሚያሳዝን ሰው እንደሚያዩ አድርገው አዩኝ። «አንተ፣ እንግዳ ቤትህ ሲመጣ ባዶ ሞሰብ ከፍተህ ታሳያለህ? ችግራችንን ሰምታ ነው የመጣች። ሰው የሰማውን መከራ ደግሞ በዓይኑ አሳይተህ ታሳቅቀዋለህ?» አሉና ትተውኝ ሄዱ። ይህ ነገር ስህተት እንዳለበት ይሰማኛል። የቱ ላይ እንደሆነ ግን ጣቴን ላሳርፍበት አልቻልኩም። እኔም ብሆን ባዶ ሞሰብ አላሳይም።

ከሾላው ሥር አግዳሚ ተዘርግቶ ተቀመጥን። ክላራ ብዕሯን አወጣች። «ውሃው ለእናንተ ይበቃል ወይ?» ብላ ጠየቀች። አጣርቼ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

አያ ደምሴ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ወደ ሰማይ ቀና አሉ። «እግዜር ይመስገን! እሱ ሳይጎድል ምን ይጎድላል? በቃን፣ ተረፈን፣ በላት።»

ያሉትን ብተረጉም ሲሚንቶው ሌላ መንደር ሄደ። ባልተረጉም እኔ ምን ልሠራ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቄ መጣሁ? «ፈጣሪን ያመሰግናሉ» አልኳት በእንግሊዝኛ።

«መልካም። ግን ይበቃቸዋል?»

«አያ፣ ምስጋናውስ ይሁን፤ ግን ይበቃችኋል ወይ ትላለች።»

«ምነዋ፣ ጆሮዋን ያማታል?» አሉና ሁለት እጆቻቸውን ከሾላው ቅርንጫፍ በላይ ዘርግተው «በ-ቃ-ን!» አሉ። ይህ ትርጉም አልፈለገም። ክላራ የእጆቻቸውን ስፋት አየች፣ ጢም ያለውን ቦይ አየች፣ መካከለኛዋ ሣጥን ላይ ምልክት አደረገች።

ከአያ ደምሴ ቀጥለው መሪጌታ ተነሡ። የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቀጥ ያለ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም ይባላል። «ውሃችን» አሉ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ «ውሃችንማ እንደ መንግሥተ ሰማያት ነው በላት። ሁሉም ይመኘዋል፤ የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው።» ሽማግሎቹ «አዬ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ገብቶኛል፤ ደስም ብሎኛል። በእንግሊዝኛ ግን ከእጄ ላይ የቀረው «ውሃችን እንደ መንግሥተ ሰማያት ነው ይላሉ» የሚለው ግማሹ ብቻ ሆነ። ሁለተኛውን ግማሽ ሳሰናዳ ክላራ ፊቷ በርቶ ጽፋ ጨርሳለች። አታምኑኝም እንጂ መዝገቡ ላይ «ገበሬዎቹ ውሃውን ከመንግሥተ ሰማያት ጋር ያመሳስሉታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ገብቷል።

ወደ ምሳ ስንሄድ አያ ደምሴ በክርናቸው ጎነጥ አደረጉኝ። «ነገርካት?»

«ምኑን?»

«ምኑን ይላል እንዴ! እንደማይበቃን ነዋ!»

«እርስዎ እኮ በቃን አሉ! ሁለቴ!»

«እኔማ እላለሁ። የኔ ፋንታ ማመስገን ነው። ያንተ ፋንታ ማስረዳት ነው። ለራሱ አፍ አውጥቶ የሚለምን የት አየህ? አማላጅ ለምን ተፈጠረ?»

እዚህ ላይ መቀመጫ ባገኝ ኖሮ እቀመጥ ነበር። እኔ ለአስተርጓሚነት የመጣሁ መስሎኛል፤ እነሱ ለካ የጠሩት አማላጅ ነው። ልጅ ሲዳር አባቱ ይጠይቃል? አይጠይቅም፤ ሽማግሌ ይልካል። የተጣላ ሰው ይቅርታውን ራሱ ይለምናል? ሌላ ሰው ይለምንለታል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ስኖርበት ነው ያደግኩት። ያላወቅኩት በእንግሊዝኛም እንደሚሠራ ነው።

ምሳውን ያሰናዱት የአያ ደምሴ ባለቤት እትየ ጥሩወርቅ ናቸው። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወጥቷል ብል አላጋነንኩም። ዶሮው፣ ድንቹ፣ እንቁላሉ፣ ለሕመምተኛ ተብሎ የተቀመጠው ማር ሳይቀር ቀርቧል። ክላራ ግጥም አድርጋ በላች። ከዚያም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ኢነፍ፣ ቴንኪው» አለች። በአሥራ አንድ ዓመት ማስተማር ይህን ያህል ጥርት ያለ «ኢነፍ» ሰምቼ አላውቅም።

«በቃኝ ትላለች፣ እትየ።»

«በቃኝማ የጨዋ ልጅ ሁሉ ይላል» አሉና አንድ ጭልፋ ጨመሩላት።

«ቱ ማች! ቱ ማች!»

«ኧረ በዛብኝ ትላለች።»

«አስተዳደጓ ደስ ሲል!» ሌላ ጭልፋ። ከዚያ ጉርሻ መጣ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተባለና ሁለተኛው መጣ። ሁለት ከሆነስ ሥላሴ አይደሉ እንዴ ተባለና ሦስተኛው መጣ። ክላራ ጉንጯ ተወጥሮ በዓይኗ ትለምነኛለች፤ የእኔ ዓይን ግን መዝገቧ ላይ ነው። እያንዳንዷ ጉርሻ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ይዛ ስትሄድ ይታየኛል። እንዲህ የሚያበላ መንደር ምን ጎደለበት ብላ ትጻፍ? ወደ እትየ ጆሮ ጠጋ ብዬ «እትየ፣ ይተዉ፤ ትንሽ የተቸገርን እንምሰል እንጅ» አልኳቸው።

«መምሰል?» አሉኝ ጭልፋውን እንደያዙ። «ተቸግረናልኮ! ደግሞ ምን ብለን እንምሰል?»

ጭልፋውንም ደግመው ሞሉት።

ከምሳ በኋላ ቆረጥኩ። ክላራን ከቤቱ ጀርባ ወሰድኳትና የማውቀውን እንግሊዝኛ ሁሉ አፈሰስኩት። ውሃው አይበቃቸውም፤ ይሉኝታቸው ግን ከልክ በላይ ነው፤ በቃን ያሉሽ ስላልበቃቸው ነው፤ ቢበቃቸው ኖሮ ያማርሩ ነበር አልኳት። ራሴን ሰማሁት። እብድ ነው የምመስለው። እሷም ባርኔጣዋን አውልቃ በትዕግሥት አዳመጠችኝና፣ «አንተ የምትነግረኝ እነሱ ያሉትን ነው ወይስ አንተ የምታስበውን?» አለችኝ።

«ያላሉትን ነው የምነግርሽ» አልኳት። ከዚህ የበለጠ እውነት በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። ከዚህ የበለጠም የማይረባ።

«አዝናለሁ» አለች። ከልቧ ነበር። «እኔ መጻፍ የምችለው ሰዎቹ ራሳቸው የሚሉኝን ነው። ሁለቱ መንደሮች ችግራቸውን ነግረውኛል። ከዚህች መንደር የሰማሁት ይበቃናል የሚል ነው። አሥር ሰዓት ላይ እሄዳለሁ።»

እየሮጥኩ ወደ አያ ደምሴ ሄድኩ። «ከራሳችሁ አፍ ካልሰማች አትጽፍም፤ አንዲት ቃል ብቻ ይበሉ» ብዬ ለመንኳቸው። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «አባቴ እንግዳ ፊት ጎደለኝ ሳይል ሞተ። ከእሱ አፍ ያልወጣ ቃል ከእኔ አፍ እንዴት ይውጣ? እኔ እንኳ ልበል ብል አንደበቴ አይታዘዝልኝም።» እየተግደረደሩ አልነበረም። እውነትም አይታዘዝላቸውም። ከክላራ ጋ ብሄድ እሷ ልክ ናት፣ ከአጎቴ ጋ ብሄድ እሳቸው ልክ ናቸው፤ በሁለት ልክ ሰዎች መካከል ቆሞ የተሳሳተ እኔ ብቻ ነኝ።

እንዲህ ስንል አሥር ሰዓት ሆነ። የላይ ሰፈር ሰዎች ቃላቸውን የሚያከብሩ ናቸው፤ አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፉ ዘጉት። ክላራን ልንሸኝ ቦዩ ዳር ቆመን ሳለ ውሃው ከንፈሩን ለቀቀ። ከዚያ ጉንጩ ጎደለ። አያ ደምሴ ቀድመው አዩትና «እስቲ ሰብሰብ በሉ!» አሉ። ሽማግሎቹ ሳይነጋገሩ ተግባቡ፤ በቦዩ ዳር ተርታ ተሰልፈው ጋቢያቸውን እንደ መጋረጃ ዘረጉት። መሪጌታ ዘንጋቸውን ወደ ተራራው ቀስረው «ያንን ደብር አይታዋለች? አሳያት፣ አሳያት» ይሉኛል። እኔም «ሉክ፣ ቸርች!» እያልኩ እጮኻለሁ። ምን ያደርጋል፣ ሴትዮዋ ረጅም ናት። በጋቢዎቹ ላይ አሻግራ ቁልቁል አየች። ከቦዩ ወለል ላይ አንዲት እንቁራሪት ወደ እኛ ቀና ብላ ታያለች።

«ውሃው የት ሄደ?» አለች ክላራ።

ተረጎምኩ። ጋቢዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ክላራ መዝገቧን ከፍታ ጠበቀች፤ እኔን አየች፣ አያ ደምሴን አየች። አያ ደምሴ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም። የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። ሾፌሩ ለማሳሰብ አንድ ጊዜ ጥሩንባ ነፋ።

ያን ጊዜ እትየ ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መካከል ወጥተው መጡ። «ምንድነው የቸገራችሁ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አጎቴ እንግዳ ፊት ጎደለኝ ማለት እንደማይሆንላቸው፣ እሷም ካልሰማች እንደማትጽፍ።

«የምን እንግዳ?» አሉ እትየ። «ጠዋት ነበረች እንግዳ። ከሞሰቤ በልታ፣ ከእጄ ሦስቴ ጎርሳ ደግሞ እንግዳ? ልጄ ናት። ለልጅ ደግሞ ይነገራል፤ ልጅ ይታዘዛልም።» ክላራን በክንዷ ያዙና ጎትተው ወሰዷት። እኔ ከኋላቸው ስከተል፣ ክላራ «ምን እያሉ ነው?» ስትለኝ «ወልደውሻል» አልኳት። ሌላ ቃል አላገኘሁም።

ከማሳው ግርጌ፣ ከገደሉ በታች አንዲት ጭቃማ ምንጭ አለች። እትየ አንድ ጀሪካን ለራሳቸው፣ አንድ ለክላራ ያዙና ቁልቁል ወረዱ። ሽማግሎቹ «ኧረ ነውር ነው! ኧረ እንግዳ ናት!» እያሉ ከላይ ሲጮኹ አያ ደምሴ ራሳቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሽቅብ ሲመጡ እትየ ከፊት፣ ክላራ ከኋላ ናት። ባርኔጣው የለም። ጀሪካኑን በጀርባዋ በገመድ አዝላ፣ ሁለት ጊዜ ወድቃ ሁለት ጊዜ ተነሥታ፣ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ደረሰች። እትየ የሽንኩርቱን መደብ አሳዩዋት። አፈሰሰችው። መሬቱ ጠጣው፤ አፈሩ እንኳ በቅጡ ሳይጠቁር ጠጣው። የመደቡ ሩብ አልራሰም። ከዚያ ወዲያ ያለው ማሳ እስከ አጥሩ ድረስ ጫፉ የተቃጠለ ሽንኩርት ነው።

ክላራ ወገቧን ይዛ ቆመች። ትንፋሿን ሰበሰበችና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እትየ ዞራ ጠየቀች። እኔም ተረጎምኩ፦ «ይበቃል ወይ? ትላለች።»

እትየ መሬቱን አዩት። ባላቸውን አዩ። በነጠላቸው ጫፍ የክላራን ግንባር ጠረጉላት።

«አይበቃም፣ ልጄ» አሉ። «በቅቶንም አያውቅ።»

«ኢት ኢዝ ኖት ኢነፍ» አልኩ። ሁለተኛውንም አስከትዬ ተረጎምኩላት። አያ ደምሴ ጋቢያቸውን ከፊታቸው አወረዱ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ የመቆጣት ሳይሆን ከባድ ነገር ከትከሻው የወረደለት ሰው ፊት ነው ያየሁት። «እሷ ያለችውን ጻፊው በላት» አሉኝ። ክላራ በጭቃ እጇ ጻፈች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ባዶውን ጀሪካን አንሥታ ወደ ምንጩ ተመለሰች። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

የውሳኔው ደብዳቤ ከሁለት ወር በኋላ መጣ፤ የተመረጠችው ታች ሰፈር ነበረች። ሲሚንቶው ክረምቱ እንዳለፈ ተራገፈ፤ ከአያ ደምሴ ልጆች አንዱ ቡሬን ትቶ ድንጋይ ሊያቀብል መጣ፣ በዚያው ቀረ። ዘንድሮ በጥር ወር ሄጄ ነበር። ውሃው ሳይቆራረጥ መንደሩ ድረስ ይወርዳል። ሞልቶ አልፈሰሰም፤ ግን ይደርሳል።

ለምስጋናው ዝክር ተደግሶ ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ ከላይ ሰፈር የመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ እያመለከቱ አያ ደምሴን ጠየቋቸው። «ያ ያስተረጎመው የወንድምህ ልጅ ይሄ ነው? እንግሊዝኛ ጥሩ ያውቃል አሉ።»

አያ ደምሴ በፍቅር አዩኝ። ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«እንግሊዝኛውስ ደህና ነበር» አሉ። «ያስቸገረን አማርኛው ነው።»